እምቢ የማይባል ምልክት

ቡድናችን የዓመቱን ውድድር በአምስተኛነት ፈጽሞ ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ ሥራ አስኪያጁ ኩዋባራ ወደ ቢሮው አስጠራኝ። ከተማችን ታካማትሱ ያን ቀን ዝናብም ፀሐይም አልነበረባትም። ከስታዲየሙ መቀመጫዎች ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ነጭ ሰሌዳ ቆሟል፤ በሰሌዳው ራስ ላይ «ሚስት» የሚል ቃል በጥቁር ቀለም ተጽፎ፣ ከሥሩ ሦስት ባዶ መስመሮች ተሰምረዋል።

በእኛ አገር የቤዝቦል ሰዎች ዘንድ ተቀባይ የወርዋሪው ሚስት ይባላል። ወርዋሪው ኳሱን ይወረውራል፤ ስሙም ይጠራል። ተቀባዩ ግን ኳሱን በዱላ ከሚመታው ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረወር በጣቶቹ ምልክት ያዝዛል፣ የተበላሸውን ውርወራ በአካሉ ያግዳል፣ የወርዋሪውንም ገመና ይሸፍናል። እኔ ኢሶዳ አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ያለ ሚስት ሆኜ ኖሬአለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀባዮችን አሠልጥኛለሁ።

ኩዋባራ በወጣትነቱ ወርዋሪ ነበር፤ ኳሱን የምቀበለውም እኔ ነበርሁ። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት ያህል፣ በሰው ፊትም ቢሆን፣ «አንቺ» እያለ ሲጠራኝ ኖሯል። ከነሐሴ ወዲህ ግን «አንተ» ይለኛል። እውነተኛዋ ሚስቴ ሚዮኮ የሞተችው በነሐሴ ነው።

«ቁጭ በል፤ ሻይ አለ» አለኝ።

ተቀመጥሁ። ሻዩንም ጠጣሁ፤ ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ አላስተዋልሁም። የቡድኑን አኃዝ የሚቀምረው ጎልማሳው ሃጋ ኮምፒዩተሩን ታቅፎ ከጥግ ተቀምጧል።

«እንግዲህ መንገዱ ሦስት ነው» አለ ኩዋባራ። «ነባሩን ሙናካታን ለተጨማሪ አንድ ዓመት እናስፈርመዋለን። ወይ ልጅ እግሩን ኡኔን ከታችኛው ቡድን አምጥተን ቦታውን እንሰጠዋለን። ወይ ደግሞ ውሉን የጨረሰውን የቶኪዮውን ተቀባይ እንገዛለን።»

«የቶኪዮው ከመጣ በምትኩ አንድ ልጃችንን መርጠው ይወስዱብናል» አለ ሃጋ። «ጥሎሽ በሉት እንግዲህ። ግን እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አሮጊቷን በሰላም ሸኝቶ ልጅ እግር ሚስት ማግባት ነው የሚሻለው። ያረጀች ሚስት እኮ...»

ኩዋባራ ጉሮሮውን ጠረገ። ሃጋ ወደ እኔ ዞረና ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«ኧረ ይቅርታ አሠልጣኝ! እኔ እኮ ስለ ጨዋታው ነው... ምላሴን ይቁረጠው!»

«ስለ ጨዋታው እንደ ሆነ ዐውቃለሁ፤ ቀጥል» አልሁት።

ቁጣም ሐዘንም አልነበረብኝም። ከነሐሴ ወዲህ ነገር ሁሉ ወደ እኔ የሚደርሰው በወፍራም ጓንት እንደሚያርፍ ኳስ ነበር፤ መድረሱን ዐውቃለሁ፣ ሲያርፍ ግን አይሰማኝም።

«ያንተን አሳብ በአንድ ገጽ ጻፍልኝ» አለ ኩዋባራ። «እስከ ዓርብ። አንተ ያልከውን ነው የምናደርገው። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሃጋ፣ የካጂን አሳየው።»

ካጂ የሃያ አራት ዓመት ወርዋሪ ነው። መቺው ፊት እስኪደርስ ቀጥ ብሎ የሚመጣ፣ ከዚያ ድንገት ወደ መሬት የሚወድቅ ኳስ አለው፤ ወዳቂ እንለዋለን።

ሃጋ ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞረ። «ይኸው። ከሰኔ ጀምሮ፣ የተቃራኒ ሯጭ ነጥብ ለማስቆጠር ሦስተኛው ቤዝ ላይ ቆሞ፣ ወዳቂው በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ አርባ አንድ አጋጣሚ ነበረው። ስንቴ ወረወራት? ዜሮ። አንዴ እንኳ!»

«ፈሪ ነው» አለ ኩዋባራ። «ኳሷ መሬት መትታ ብታመልጥ ሯጩ ገብቶ ነጥብ ያስቆጥርብኛል ብሎ ይፈራል። በሃያ አራት ዓመቱ የፈራ በሠላሳው አይደፍርም። ከሚሰናበቱት ጋር አስገብቼዋለሁ። በዚህ ሳምንት ይደወልለታል።»

መናገር የሚገባኝ ያን ጊዜ ነበር። አልተናገርሁም። ሻዩን ጨረስሁና እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

ያልተናገርሁት ነገር ይህ ነው።

በግንቦት ወር፣ በልብስ መለወጫው ክፍል፣ ሙናካታ ግራ እጁን በእጄ ላይ አኖረ። ሙናካታ የቡድናችን የመጀመሪያ ተቀባይ ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ ስድስት ሲሆን ከአሥራ ስምንት ዓመቱ ጀምሮ ያሠለጠንሁት እኔ ነኝ። ሌባ ጣቱ እንደ ሻማ ነጥቶ እንደ ሻማ ቀዝቅዟል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሁለት መቶ ኳስ ያረፈበት ጣት ነው።

«እስኪ ይቆንጥጡት» አለኝ።

ቆነጠጥሁት።

«ይቆንጥጡት እንጂ!»

«ቆንጥጬሃለሁ።»

«አያ! እንግዲህ እንዲህ ነው። ከሚያዝያ ጀምሮ የራሴ አይደለም፤ ጎረቤት ሆኗል።»

«ሐኪምስ?»

«ሐኪም ካየኝ ወረቀት ይጽፋል። ወረቀት ከተጻፈ ኡኔ ይገባል። አሠልጣኝ፣ ውድድሩ እስኪያልቅ ብቻ ይቻሉኝ። ደህና ነኝ እኮ።»

«እሺ» አልሁት።

በዚያው ወር ሚዮኮ ሩዝ ስታጥብ እጇን ከጎድኗ በታች አድርጋ ጥቂት ጎንበስ አለች። ምን እንደ ሆነች ስጠይቃት «ምንም፣ ደህና ነኝ፤ ይልቅ ባቡሩ እንዳያመልጥህ» አለችኝ። ባቡሩ አላመለጠኝም። ሰው ደህና ነኝ ሲለን የምናምነው ሁልጊዜ ስለምናከብረው አይደለም፤ ማመን ከመመርመር ስለሚቀልል ነው።

ከሰኔ ጀምሮ ሙናካታ፣ ሯጭ በሦስተኛው ቤዝ ላይ ሲቆም፣ ካጂን ወዳቂ ኳስ ማዘዝ ተወ። መሬት መትቶ የሚነጥር ኳስ የሚያዘው በጣት ስሜት ነው፤ እርሱ ደግሞ ስሜቱ የለውም። ወርዋሪ ያልወደደው ምልክት ሲመጣለት ራሱን ግራና ቀኝ ወዝውዞ እምቢ ሊል ይችላል፤ ሕጉ አይከለክለውም። ነገር ግን በአሥራ ሁለት ዓመት የሚበልጠውን ተቀባይ እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ካጂ አርባ አንድ ጊዜ ራሱን ዝቅ አድርጎ የታዘዘውን ወረወረ። አኃዙ የሚመዘግበው የወርዋሪውን ክንድ እንጂ የተቀባዩን ጣት አይደለምና፣ ታዛዥነቱ ፍርሃት ተብሎ ተጻፈ። እኔም በየጨዋታው ከመቀመጫዬ ሆኜ ይህን አይ ነበር።

ከቢሮው ወጥቼ ወደ መለማመጃው ሜዳ ሄድሁ። ሙናካታ ኳስ ከሚተፋው ማሽን ፊት ቁጢጥ ብሎ ብቻውን ይቀበላል። ጓንቱ ጥሩ ድምፅ ያሰማል፤ ከሩቅ ለሚሰማው የጤነኛ ሰው ድምፅ ነው።

«አሠልጣኝ!» አለኝ ዐይኑን ከማሽኑ ሳያነሣ። «ምን አሉ እነዚያ? አሮጌውን በሬ አርደው ጥጃውን ሊጠምዱ ነው?»

ራሱን ትንሽ ወደ ግራ አዘንብሎ እንደሚቀበል አስተዋልሁ፤ ከግድግዳ ማዶ የሚወራውን እንደሚያዳምጥ ሰው። በዚያን ጊዜ የሜዳውን አፈር የሚደለድለው ትራክተር ሞተሩን አስነሥቶ በአጠገባችን አለፈ። ሦስት ኳሶች ተከታትለው ከጓንቱ ወደቁ። ትራክተሩ ሲርቅ አራተኛውን ያዘው።

ማሽኑን አጠፋሁ።

«በጆሮህ ነው የምትቀበለው» አልሁት።

የወደቁትን ኳሶች እየለቀመ ሳቀ። «ኳሷ ጓንቴን ስትመታ ሰምቼ እጨብጣለሁ። ድምፅዋ ካማረ መሀል ገብታለች ማለት ነው። ጣቴ ቢያረጅ ጆሮዬ ገና ጎረምሳ ነው።»

«የካጂ ስም ከሚሰናበቱት ጋር ገብቷል።»

«ካጂ? በምን ምክንያት?»

«ወዳቂ ኳስ ይፈራል ተብሎ።»

የለቀማቸውን ኳሶች አንድ በአንድ ወደ ቅርጫቱ መለሰ።

«አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብሎኝ አያውቅም» አለ። «አንዴ ግን ጠይቆኛል። በሐምሌ፣ አውቶቡስ ውስጥ። ‹አቶ ሙናካታ፣ ወዳቂዬ አስጠላችዎት እንዴ?› አለኝ። ገና አልበሰለችም አልኩት።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ቃል ሰጥተውኛል እኮ።»

«ውድድሩ እስኪያልቅ ነበር። ውድድሩ አልቋል።»

«አንድ ዓመት ነው የምፈልገው፣ አሠልጣኝ። ሁለት አላልኩም። ልጄ ነገር መለየት የጀመረችው ገና አሁን ነው፤ ስጫወት አይታ እንድታስታውሰኝ ነው።» ጓንቱን ከእጁ አወለቀና ነጩን ጣት ተመለከተው። «እሺ። ግን ራሴ ልናገር። ነገ ጠዋት አብረን እንግባ። ዛሬን ብቻ ይተዉልኝ።»

«እሺ» አልሁት፤ ለሁለተኛ ጊዜ።

ያን ማታ ሩዝ ቀቅዬ በላሁ፣ ሳህኑን አጥቤ ተኛሁ። መልካም እንቅልፍ እንደ ወሰደኝ መናገር ያሳፍረኛል።

በማግሥቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ኩዋባራ ቢሮ ገባን። ሙናካታ ሙሉ ልብስ ለብሶ ክራቫት አስሯል። በእኛ ዘንድ የሚሰናበት ተጫዋች በስልክ «ነገ ሙሉ ልብስ ለብሰህ ና» ይባላል፤ ስለዚህ በመተላለፊያው ያገኙን ሁሉ ዐይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። እርሱ ግን የጠራው አልነበረም።

ቆሞ ነገራቸው። ስለ ጣቱ፣ ስለ አርባ አንዱ ምልክት፣ ካጂ አንድም ቀን እምቢ እንዳላለው ተናገረ። የእኔን ማወቅ ሊዘልለው ሲል እኔ ጨመርሁበት። ሃጋ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ሳይነካው ተወው።

ኩዋባራ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ካጂ ጋ ሦስት ሰዓት ላይ ደውያለሁ» አለ።

«በዚህ ሳምንት ብለህ ነበር» አልሁት።

«ዛሬስ የየትኛው ሳምንት ነው?»

«መልሰው።»

«ስሙ ለጋዜጦች ተልኳል፤ ለማኅበሩም ተልኳል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።»

ትናንት ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ስልኩ ባልተደወለ ነበር። ይህን ማንም አላለኝም፤ ሒሳቡ ግን ቀላል ነው። ግማሽ ሰዓት ዘገየን፤ ግማሹ ሰዓት ደግሞ የመጣው ከእኔ ሁለት እሺታዎች ነው።

«ሙናካታ» አለ ኩዋባራ፣ «እንደ ተጫዋች ላስፈርምህ አልችልም። ገባህ አይደል? ግን አልጥልህም። ከመለማመጃው ኋላ ሆነህ የወርዋሪዎቹን ኳስ ትቀበላለህ። ደመወዙ ያንሳል፤ ሥራው ግን እስክትሸብት ነው።»

ለዚህ ሥራ ቅጽል ስም አለን፤ ግድግዳ እንለዋለን። ኳስ ይመታዋል፣ ድምፅ ይሰጣል፣ ማንም አያየውም።

ሙናካታ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። «ለግድግዳ ጣት አያስፈልገውም፤ በደንብ አስበውልኛል። ግን ይቅርብኝ። እኔንም ከካጂ ጋር ያሰናብቱኝ።»

«ጅል አትሁን፤ ልጅ አለህ።»

«እሱም የሰው ልጅ ነው» አለና ወጣ። ሃጋም ተከትሎት ወጣ።

ሁለታችን ብቻ ቀረን። ኩዋባራ ቀኝ ትከሻውን በግራ እጁ ይዞ ቆየ። ያ ትከሻ ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በፊት ውስጡ ተቀድዶ ነበር። ኳሱን የምቀበለው እኔ ስለ ሆንሁ ከሐኪሞቹም ከአሠልጣኞቹም በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ። አትናገርብኝ አለኝ፤ አልተናገርሁም። በሚቀጥለው ዓመት በዚያ እጁ ምግብ የምንበላበትን ቀጭን እንጨት እንኳ መያዝ ተሳነው፤ ወርዋሪነቱም አበቃ።

«ሰው ሲጠይቀኝ» አለ፣ «ጥሩ ሚስት ነበረችኝ እያልኩ ነው የኖርኩት። ገመናዬን ሸፋኝ። ስትሸፍኚኝ፣ ስትሸፍኚኝ... አንቺ አንድ ቀን እንኳ ብታጋልጪኝ ኖሮ፣ ያን ጊዜ እኔ...»

አንቺ ማለቱ ታውቆት አቆመ። እርሱም አላረመው፣ እኔም አላረምሁት።

«ወረቀትሽን ጻፊ» አለኝ በመጨረሻ።

የተሰናበቱ ተጫዋቾች ለሌሎች ቡድኖች የሚታዩበት ፈተና በኅዳር በሌላ ከተማ ተደረገ። በባቡር ሄድሁ። ከመቺው ኋላ ባለው መቀመጫ፣ የሩዝ ስንቄን ፊቴ አድርጌ፣ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጥሁ። እያንዳንዱ ወርዋሪ ሦስት መቺዎችን ብቻ ይገጥማል፤ ኑሮው በሦስት ሰዎች ይመዘናል። የካጂን ኳስ እንዲቀበል ሙናካታ ራሱ ጠይቆ ተፈቅዶለት ነበር።

የመጀመሪያው መቺ ኳሱን ወደ ሰማይ አጎነው፤ ተያዘበት። ሁለተኛው በደንብ መታው። ሦስተኛው ግዙፍ ሰው ነበር፤ አንድ ኳስ ብቻ ከሳተ ከጨዋታው የሚወጣበት ጊዜ ሲደርስ ሙናካታ ምልክት ሰጠ።

ካጂ ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ።

ከአጠገቤ የተቀመጠው ሽማግሌ «ውይ! ልጁ እምቢ አለው እኮ» አለ።

ሙናካታ እንደገና ምልክት ሰጠ። ካጂ እንደገና እምቢ አለ። ሙናካታ ሦስተኛ ጊዜ ሰጠ፣ ጓንቱንም በደረቱ ላይ ሁለት ጊዜ መታ። ካጂ ጥቂት ቆይቶ ራሱን ዝቅ አደረገ።

ኳሱ ቀጥ ብሎ መጣ፤ ከዚያም ወደቀ። መቺው ዱላውን በባዶ አየር ላይ አሳለፈ። ኳሱ መሬት መትቶ ሲነጥር ሙናካታ በጉልበቱ ተንበርክኮ በደረቱ አገደው፣ በፊቱ የወደቀውን በባዶ ቀኝ እጁ አንሥቶ፣ በኳሱ መቺውን ነክቶ ከጨዋታ አስወጣው። የጓንት ድምፅ አልተሰማም። ሥራው ተፈጽሞ ነበርና ማንም አላጨበጨበም፤ ቀጣዩ ወርዋሪ ተጠራ።

በመተላለፊያው አገኘኋቸው። ሙናካታ የደረት መከላከያውን ፈትቶ ተቀምጧል፤ ካጂ በፊቱ ቆሟል።

«ሦስቴም ወዳቂዋን ነው ያዘዝኩት» አለኝ ሙናካታ። «ይሄ ቂል ሁለቴ እምቢ አለኝ። በእኔ ላይ! ከነመለዮው!»

«ስለ ጣትዎ ከነገሩኝ ወዲህ ፈርቼ ነው» አለ ካጂ መለዮውን አውልቆ። «ያመልጥዎታል ብዬ። እርስዎም እኮ ሥራ እየፈለጉ ነው።»

«ያን ራስህን በሰኔ ብትወዘውዘው ምን ነበር?»

ካጂ ሊስቅ ፈለገ። «እርስዎን? በሰኔ? ማን ነኝና?»

ሁለቱም መሬት መሬቱን አዩ። እኔም ካጂን ይቅርታ ለመጠየቅ ዝቅ ብዬ እጅ ነሣሁ። «ኧረ አሠልጣኝ፣ ይተዉ፣ ሰው ያየናል» አለኝ። ሰው ቢያየን መልካም ነበር፤ ማንም አላየንም።

ፈተናው ባለፈ በአምስተኛው ቀን ካጂን በሰሜን ያለ የወረቀት ፋብሪካ ቡድን ጠራው፤ እስከ ቀትር ከማሽን ጋር ይሠራል፣ ከቀትር በኋላ ይወረውራል። የሠለጠነበትን የባለሙያ ሊግ አጥቷል፤ ክንዱ ግን አልተቀመጠም። ሙናካታን የጠራው የለም። ኡዶን የሚባል የስንዴ ፓስታ በሚሸጥበት በአማቱ ምግብ ቤት ሥራ ጀምሯል። የኡዶን ሊጥ የሚታሸው በእግር ነው፤ ጣት አያስፈልገውም።

ወረቀቴን ለኩዋባራ ያቀረብሁት፣ የተባለው ዓርብ ካለፈ ከብዙ ሳምንት በኋላ፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። ሦስት መስመር ነበር። ቦታው ለኡኔ ይሰጥ፤ የቶኪዮው ሰው አይገዛ። ከየካቲቱ ልምምድ ጀምሮ ወርዋሪ ሁሉ፣ ታናሹም ጭምር፣ በየቀኑ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተቀባዩን እምቢ ይበል፤ እምቢ በመባሉ የሚቆጣ ተቀባይ ይውጣ። ለተቀባዮቹም ሌላ አሠልጣኝ ይፈለግላቸው።

ኩዋባራ ሁለት ጊዜ አነበበው። ሁለቱን መስመሮች በሰሌዳው ላይ ገለበጠ፤ በሦስተኛው ላይ እጁ ዘገየ፣ ቆይቶ እርሱንም ጻፈ። ከዚያ «ሚስት» የሚለውን ቃል በመዳፉ አጥፍቶ በቦታው «ተቀባይ» ብሎ ጻፈ።

«አንቺስ?» አለኝ ጀርባውን እንደ ሰጠኝ። «ደህና ነሽ?»

በአራት ወር ውስጥ ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ጠይቆኝ ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ሰጥቻለሁ።

«አይደለሁም» አልሁት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ድምፁን ሰማሁ፤ ያረፈበት ቦታ ግን ገና አልተሰማኝም። ማዶ ትራክተሩ አፈሩን ይደለድላል። ኩዋባራ ከቴርሞሱ ሻይ ቀድቶ በፊቴ አኖረልኝ። ጠጣሁት፤ ትኩስ ነበር።